የአንዲት የሰፈር ሴት ተዝካር

ድንኳን ሲረጥብ የሚሸተውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሸራው የሐምሌን ዝናብ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ ከስሩ ደግሞ የሰው ትንፋሽና የወጥ እንፋሎት ሲያሞቀው፣ ዝናብ የመታው በግ ዓይነት ጠረን ያወጣል። ለሰርግም ለለቅሶም ያው ነው። በቀደም ሀይሌ ጋርመንት መጋጠሚያው ላይ፣ ቁልፍና ክር ከምሸጥባት ሱቄ ፊት ለፊት፣ ጎረምሶች ከአይሱዙ ላይ የእድር ድንኳን እያወረዱ ሳለ ያ ሽታ መጣብኝ። ሱቋ ጠባብ ናትና ገብቶ አልወጣም አለ። ልክ በዚያው ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ዳንኤል ነበር፣ የአጎቴ ልጅ የጽጌ ልጅ። እናቱን ከቀበርን ገና ወር አልሞላንም።

«እቴቴ አስካለ፣ ሩት ልትመጣ ነው» አለኝ።

ሩት እህቱ ናት። ዱባይ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ስንት ዓመት ፈቃድ ስትለምን ቆይታ ዘንድሮ ገና ክረምቱን ሙሉ ሰጧት። እናቷ መሞቷን አታውቅም። በደወለች ቁጥር «እማዬ ፀበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» እያሉ ይዘዋታል። ዘመድ ሁሉ ፌስቡክ ላይ አንድም ነገር እንዳያወጣ በማርያም ተለምኗል። ዳንኤል እቅዱን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈልኝ። ሩት ትምጣ፣ ትረፍ፤ የአብሮ አደጓ ሰርግ አለ፣ እሱን ትጨፍር፤ አርባ ምንጭና ሐዋሳ ሆቴል ተይዟል፤ ቡሄና እንቁጣጣሽን ከቤተሰብ ጋር ታክብር። መርዶው ከዚያ በኋላ በሽማግሌ ይነገራታል። የሚያስቸግረው የእናቱ አርባ ብቻ ነው፤ ሩት ከገባች በኋላ ነው የሚውለው። ሀና ማርያም ይደገሳል፣ እሷን ቤት ብቻዋን ጥሎ መሄድ ስለማይቻል የሌላ ሰው ተዝካር ነው ብለው ይዘዋት ይመጣሉ። የእኔ ሥራ አጠገቧ መቀመጥ ነው።

«ሌላው ሰው እንዳያመልጠው ነው የምንፈራው። አንቺ ግን ታውቂበታለሽ» አለኝ።

«ይሄን ማን መከራችሁ?»

«እማዬ ራሷ። ሕመሙ ሲጠናባት ጠርታኝ ‹ሩት መጥታ ካጣችኝ፣ አስካለን እንዳደረግናት አድርጓት› አለችኝ። ‹አስካለ ያን ክረምት ደስ ብሏት ነው ያሳለፈችው› አለችኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ለደንበኛ የለየሁትን ቁልፍ ሁሉ መልሼ ደፋሁት። ጽጌ ያለችው ውሸት ቢሆን ኖሮ ነፍሷን እየወቀስኩ እገላገል ነበር። ግን እውነቷን ነው። ያን የመሰለ ክረምት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ቁጥር አይያዝልኝም። መንግሥት ተለውጦ፣ ሰው የትኛው ወሬ እንደሚያስቅ የትኛው እንደሚያስጠይቅ ገና ያልለየበት ጊዜ ነበር። ላፍቶ ያኔ ከተማም አልነበረችም፣ ገጠርም አልነበረችም። ዛሬ የጀሞ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ሜዳ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር፤ ዳንኤል አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ቴሌቪዥን የሚያይበት ቦታ ላይ እኔ እሸት ሰርቄ በልቻለሁ። ክረምት ላይ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሰፈር የሚገባ ሰው ወይ ጋሪ ይሳፈራል፣ ወይ ጫማውን በእጁ ይዞ በባህር ዛፉ ስር ስር ይሄዳል። ውይይት ታክሲ ስሙኒ ነበር። ስሙኒ የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቅ ልጅ ዛሬ አግብቶ ወልዷል። ለስላሳ ስንጠጣ እዚያው ኪዮስኩ በር ላይ ቆመን ነው፣ ባለሱቁ ጠርሙሱን እስክንመልስለት ዓይኑን አይነቅልም። ሴቱ ሁሉ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ጃኬት ይለብስ ነበር፤ ጠባብ በር ላይ ስንተላለፍ ትከሻችን ይጋጭ ነበር። እኔም ከቤይሩት ስመጣ አረንጓዴውን ጃኬቴን ለብሼ፣ ሎቲዬን አንጠልጥዬ ነው ከአውሮፕላን የወረድኩት።

ወደ ሠላሳ እየተጠጋሁ ነበር። ሰው ቤት ሠርቼ ሠርቼ የመጀመሪያ እረፍቴን ያገኘሁበት ክረምት ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ከሁሉ በላይ አድርጌ ያጣጠፍኩት ለእናቴ የገዛሁትን ቡናማ ካፖርት ነበር፤ እናቴ ብርድ አትችልም። አየር ማረፊያ የጠበቁኝ ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ተሰማና ልጃቸው ጽጌ ናቸው። ከጽጌ ጋር እንደ እህት ነን፤ በአንድ አልጋ ተኝተን፣ በአንድ ማበጠሪያ ተበጥረን ነው ያደግነው። ገና አቅፌያት ሳልጨርስ «እማዬስ?» አልኩ።

«ፀበል ገብታለች» አሉ ጋሼ፣ ሻንጣዬን እያነሡ። «ወገቧን ይዟት ነው። ሱባኤዋን ሳትጨርስ ሰው አታይም። እሄዳለሁ እንዳትዪ፣ ታፈርሺባታለሽ።»

ሱባኤ የያዘን ሰው አይረብሹትም፤ ይሄን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። አመንኩ። እናቴ ግን በዚያን ሰዓት ሀና ማርያም ግቢ ውስጥ አፈር ከለበሰች ሰንብታ ነበር። የሞተችው ግንቦት ላይ ነው። የጽጌ ሰርግ ደግሞ ጾመ ሐዋርያት ሲፈታ፣ ፍልሰታ ሳይገባ እንዲሆን ቀኑ ተቆርጧል። የሙሽራው ሽማግሌዎች «የተቆረጠ ቀን አይታጠፍም፤ አርባዋ ይውጣና ይደረግ» ብለዋል። እኔ ከተረዳሁ ግን ልጇ ነኝና ለቅሶው እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ሰርግ በሚደገስበት ግቢ ፍራሽ ይነጠፋል። እና ሆድ ይፍጀው ተባለ። አክስቶቼ ያውቃሉ፣ እድሩ ያውቃል፣ ጋሪ ነጂው ያውቃል፣ ወተት የምታመላልሰው ሴትዮ ታውቃለች። ከላፍቶ እስከ ሀና ማርያም የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንዴት ያለ ደግነት ነበር! ወያላው ስሙኒዬን አይቀበለኝም፣ «አንቺ ግዴለም፣ ግቢ» ይለኛል። ልኬን እንኳ ያልወሰደች ልብስ ሰፊ፣ ቀሚሴን አጥብባ በነፃ ትሰጠኛለች። የማላውቃቸው ባልቴቶች መንገድ ላይ አስቁመው ጉንጬን ይዘው ይስሙኛል፣ ይስሙኛል፣ አይለቁኝም። «አይዞሽ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የስደቱን መስሎኝ «ለምጄዋለሁ እኮ» እላለሁ። ማታ ለጽጌ «ለካ የአገሬ ሰው እንዲህ ደግ ነው፣ ረስቼው ነበር» ስላት ጽጌ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። የሙሽራ ጭንቀት ነው ብዬ ጀርባዋን እያሻሸሁ አስተኛታለሁ። በእናቴ ቤት በር ሳልፍ ጓጉንቸሩ እንደተሰቀለ ነው። «ቁልፉን ይዛው ሄዳለች» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሰው ማመን ከፈለገ የማያምነው ነገር የለም።

አንድ እሑድ ጋሼ ተሰማ «ተነሺ፣ ልበሺ፣ የሰው ተዝካር አለብን» አሉኝ። ጾሙ ተፈትቶ ሥጋ ያማረኝ ጊዜ ነበር፤ አረንጓዴውን ጃኬቴን አጥልቄ፣ ሊፕስቲኬን ተቀብቼ ሄድኩ። የእድሩ ድንኳን ከቤተክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ተተክሏል። አንዱ ጥጉ ተቀዶ በሰማያዊ ጨርቅ ተጥፏል፤ ከእራፊው ስር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እኔን ከመሐል አስቀመጡኝ። ከወጡ በጎን በጎኑ ይጨመርልኛል፣ አይብ ይጨመርልኛል። ቄሶቹ ሲጸልዩ የሟቿን የክርስትና ስም ጠሩ፤ ወለተ ሥላሴ። ጽጌን በክርኔ ጎሸም አደረግኋትና «የእማዬ ሞክሼ ናት!» አልኳት፣ ደስ ብሎኝ። ጽጌ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

በደንብ በላሁ። ለምን ልዋሽ፣ ጣቴን ነው የላስኩት። ስጨርስ «እግዜር ይስጣቸው፣ እንዴት ያለ ድግስ ነው! የማን ተዝካር ነው ግን?» አልኩ።

«የአንዲት የሰፈር ሴት ናት» አሉ ጋሼ ተሰማ። «ብዪ።»

«ነፍስ ይማር። ልጅ አልነበራትም እንዴ?»

«ነበራት» አለች ጽጌ።

«ታዲያ የታለች?»

«ሩቅ ናት» አለች።

«እናቷ ሞታ የማትመጣ ምን ዓይነት ልጅ ናት!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «ድንጋይ ነው የወለደችው በሉኛ!»

በረድፉ ላይ የነበሩት ሴቶች መብላት አቆሙ። ከመሐላቸው አንዷ ተነሥታ ወጣች። እኔ ልጅቷን ስላማሁባቸው የተቀየሙኝ መሰለኝና «ይቅርታ፣ ምናልባት ፈቃድ አጥታ ይሆናል» ብዬ አስተካከልኩ። ከዚያ እጄን ታጥቤ፣ ደጋሹ ማን እንደሆነ ስላላወቅኩ አየሩን አመስግኜ ወጣሁ።

በሳምንቱ ያው ድንኳን እኛ ግቢ ተተከለ። ሰማያዊውን እራፊ አየሁትና «ይቺን ድንኳን አውቃታለሁ» ብዬ ሳቅሁ። ሰርጉስ ሰርግ ነበር። አኮርዲዮን የሚነፋ ሰው ከመሀል ከተማ መጥቶ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ሆኖ፣ ሴቱ ሁሉ ነጭ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ጨፈረ። ከኔ በላይ የጨፈረ አልነበረም። ጋሼ ተሰማ እንኳ ሽማግሌዎቹ ጎትተው አስነሥተዋቸው ትከሻቸውን ሰበቁ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፣ ጠጅ ነው ብዬ ለሰው አማኋቸው። አንዲት ጎረቤት እስክስታዬን ቆማ ስታየኝ ቆየችና ሻሿን አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ከዚያ ወደ ማጀት ሮጠች። ያን ቀን ያደረግሁትን ቀሚስ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፣ አልለበስኩትምም።

ከመልሱ በኋላ ሙሽሮቹ ለጫጉላ ሐዋሳ ሊሄዱ ሆነ። ጽጌ «አስካለ ካልሄደች አልሄድም» ብላ ድርቅ አለች። ሰው ጉድ አለ። የሙሽራው የግርማ ፊት እንዴት እንደጠቆረ! አሁን ሲገባኝ፣ ጽጌ ሰፈር ውስጥ ለሰው አፍ ጥላኝ መሄድ ፈርታ ነው። ያኔ ግን ፍቅር ብቻ መሰለኝ፤ በሰው ጫጉላ ሦስተኛ ሆኜ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ ከፊት እስከ ኋላ ሙዝና ዶሮ ነበር። ሹፌሩ አንድ ካሴት ብቻ ነው ያለው፤ ሲያልቅ ይገለብጠዋል፣ ዝዋይ ስንደርስ መንገደኛው ሁሉ ዘፈኖቹን በቃሉ ይዟቸው አብሮ ይጮህ ነበር። ጽጌን ብርድ ሲያንቀጠቅጣት የእናቴን ካፖርት ከሻንጣ አወጣሁ። አልለብስም አለች። «እማዬ ከፀበል እስክትወጣ አሙቂበት፣ ምን አለበት» ብዬ በግድ አለበስኳት። እጅጌው ውስጥ ጠፍታ እስከ ሐዋሳ አለቀሰች። «ባል ያገባሽ እንጂ የሞተብሽ ነው እኮ የምትመስዪው» አልኳትና አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ።

ሐይቁ ዳር ዓሣ ከነአጥንቱ ጠብሰው በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡናል፤ በሁለት ብር ሦስታችንም ጠግበን ለአባ ኮዳ ወፍ የሚተርፍ ነው። እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ፣ ዓሣውን በእጄ እየፈለፈልኩ፣ አፌን ዘይት በዘይት አድርጌ ስበላ የዓለም ንግሥት የሆንኩ መሰለኝ። ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ገባን። ግርማ ፎቶ አንሺ ፊት ከሚስቱ ጋር ሊቆም ሲል ጽጌ ክንዴን ይዛ መሐላቸው አስገባችኝ፤ የጫጉላቸው ፎቶ ላይ ከመሐል ያለሁት እኔ ነኝ፣ ጥርሴ በሙሉ ይታያል። የጽጌ ልጆች ይሄን ጉዞ ስንት ጊዜ አስወርተውኛል! ለቅዳሜ ከሰዓት ምሳ ስሄድ «እቴቴ፣ የአውቶቡሱን፣ የዓሣውን» ይሉኝ ነበር። ግርማ በሙሽራነቱ ሶፋ ላይ ስላደረበት ሌሊት ሳወራ ከሳቅ ብዛት ምንጣፉ ላይ ይንከባለላሉ፣ ሩት ደግሞ ሳቋ ሲያልቅ «እኔም ሳድግ እንደዚህ እሄዳለሁ» ትላለች። ተዝካሩን አላወራላቸውም። ለልጅ የሚወራ አይደለም።

ነሐሴም እንዲሁ አለፈ። የቡሄ ዕለት በር ላይ ለሚጨፍሩት ልጆች ሙልሙል ሳድል ዋልኩ። የእንቁጣጣሽ ቀን ዶሮ ታርዶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ እኔ አደይ አበባ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ «እማዬ በዓመት በዓል እንኳ አልወጣችም?» ብዬ ትንሽ ተነጫነጭኩ። «በቅርብ ቀን» አሉኝ ጋሼ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኔን ጉድ ግን መስከረም እስኪጠባ አቆዩልኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ከኋላቸው ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ አንድ በአንድ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ለማወቅ መርዶ መልመድ አያስፈልግም። «እማዬ» አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ እናትሽ አርፋለች» አሉ።

«መቼ?»

ጽጌን አየኋት፤ ጽጌ መሬት መሬት ታያለች።

«መቼ ነው?»

«ግንቦት ላይ» አሉ ጋሼ ተሰማ።

ግንቦት፣ ሰኔ ብዬ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩና ጣቴ ሐምሌ ላይ ቆመ። ወለተ ሥላሴ። ቀኝ እጄን አየሁት፤ የበላሁበትን። «የኔ እናት ነበረች?» አልኩ። «ያቺ የሰፈር ሴት?» ጋሼ ተሰማ የመለሱልኝን ጆሮዬ እስካሁን ይሰማዋል። «ልጅ ሳትቀምሰው የእናት ተዝካር ይወጣል? አንቺ ባታውቂ እሷ ታውቃለች ብዬ ነው» አሉኝ። በቀና ልብ ነው ያሉት። ቀና ልብ እንደዚያ የሚያደርግ ከሆነ ከክፉ ጋር ብኖር ይሻለኝ ነበር።

አለቀስን። አለቀስን ልበል እንጂ ያለቀስኩ እኔ ነኝ። እነሱ ግንቦት ላይ አልቅሰው ጨርሰዋል። እንባውን የጨረሰ ሰው አብሮ ሲያለቅስ ያስታውቃል፤ ድምፅ አለ፣ ፊቱ ግን ደረቅ ነው። እኔ ደረቴን ስመታ፣ አንዷ ወጡ እንዳያርርባት ብድግ ብላ ትወጣለች፤ ሌላዋ ደጅ ላይ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ ታወራለች። አልቃሿ ግጥሟን ስትደግመው ድምፅዋ እንደደከመ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ሬሳ አላየሁ፣ አፈር አላለበስኩ፣ የምይዘው ነገር የለኝም። ከሳምንት በኋላ ፈቃዴ አለቀና ጥቁር ለብሼ ቤይሩት ተመለስኩ፤ እመቤቲቱ «ለልጆቹ ደስ አይልም» ብላ ጥቁሩን አስወለቀችኝ።

ከጽጌ ጋር ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አውርተን አናውቅም። ጠቅልዬ ከገባሁ ወዲህ በየቅዳሜው ቤቷ እበላለሁ፤ ልጆቿን አቅፌያለሁ፣ ግርማን አብረን ቀብረናል፣ እሷንም በሰኔ ዝናብ ራሴ አስታምሜ ቀብሬያታለሁ። ቂሜ ግን አልሞተም። እንደ ድስት ጥቀርሻ ነው፤ ምን ብታሽው ቦታው ይታወቃል። እና ይቺው ሴት በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ያን ነገር እንደ ውለታ ቆጥራ፣ ለልጇም እንዲደረግላት አዝዛ ሄደች።

ሩት የገባች ዕለት አልሄድኩም፤ ራስ ምታት አልኩ። ያገኘኋት በአርባው ቀን ሀና ማርያም ነው። ድንኳኑ ዘንድሮ ነጭ፣ ባለ ብረት፣ የኪራይ ነው፤ ወንበሩ ሽፋን ለብሷል፤ ምግቡን የሚያቀርቡት ጥቁር ሱሪ የለበሱ ልጆች ናቸው። ሽታው ብቻ ያው ነው። ሩት ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ጥፍሯን ተሠርታ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ባልቴቶቹ ጉንጯን ይዘው ሲስሟት አየሁ። ይስሟታል፣ ይስሟታል፣ አይለቋትም።

«እቴቴ! ሰኞ ሐዋሳ ነኝ እኮ! አንቺ ያልሽውን ሁሉ ነው የማደርገው፤ ዓሣውን ሐይቁ ዳር፣ እግሬን ውሃ ውስጥ ከትቼ። ፎቶም እዚያው እነሣለሁ» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እንደታዘዝኩት። ሳህኗ ሞልቶ መጣ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ጨመረላት። ዳንኤል ከኛ ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ ቆሞ አፌን አፌን ያያል።

«አይቡን ቅመሺ እስቲ! ዱባይ እንዲህ ያለ የት አለ?» አለች ሩት። ስልኳን አውጥታ ሳህኗን ፎቶ አነሣች። «ለእማዬ ልላክላት። ከፀበል ስትወጣ ታየውና ‹ሆዳም› ትለኛለች።»

ላከችው። ዳንኤል ኮት ኪስ ውስጥ ስልክ ጢን አለ። የእናቱን ስልክ ሳይዘጋ ይዞት እንደሚዞር አውቅ ነበር፤ ለምን እንደማይዘጋው እሱም አያውቀውም። ሳል የያዘው ሰው መስሎ ዞር አለ። ሩት አልሰማችም፤ ሌላ ፎቶ እየመረጠች ነው። ሴቶቹ ግን ሰምተዋል፤ ሁሉም ቀስ ብለው ሩትን አዩአት። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ያን ክረምት ሙሉ ፊቴ ላይ ነበር፣ እኔ ደግሞ ደግነት ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

«ሩትዬ፣ አትላኪው» አልኳት።

«ለምን?»

«ስልኩ ዳንኤል ኪስ ውስጥ ነው።»

ሳቀች። «እንዴት ሆኖ?»

«እናትሽ አርፋለች። አርባዋ ነው ዛሬ። የምትበዪው የሷን ነው።»

አልጮኸችም። ጉርሻው አፏ ውስጥ ነበር፤ አልዋጠችውም፣ አልተፋችውም፤ ይዛው አየችኝ። ከዚያ ነው የጮኸችው። ቄሶቹ ጸሎታቸውን አቋረጡ። ሴቶቹ ተነሥተው ከበቧት፤ የእናቷ አፈር ገና አልደረቀም፣ የነሱም እንባ አልደረቀም፣ አለቀሱላት፤ እውነተኛ ለቅሶ። ቢጫው ቀሚስ በጭቃ ተለወሰ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አየሁና ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ይቺስ ብቻዋን አላለቀሰችም፣ እናቷን በሰዓቱ አገኘቻት፣ ነገ ጭቃ ውስጥ አትጨፍርም ብዬ ደስ አለኝ። ዳንኤል መጥቶ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ። «የራስሽን ቂም ነው በእህቴ ላይ የተወጣሽው» አለኝ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል፣ ሀዘን ነው፣ ያልፍለታል ብዬ ተውኩት።

ሐዋሳ ቀረ፤ አርባ ምንጭ ቀረ፤ የጓደኛዋ ሰርግ ያለሷ ተደገሰ። ሩት ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሰነበተችና ከፈቃዷ ገና ብዙ ቀን ሲቀር ትኬቷን አስለወጠች። ወደ አየር ማረፊያ ስትሄድ ታክሲውን ሱቄ በር ላይ አስቆመችው። ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል፣ ጥፍሯ ላይ ያለው ቀለም ግማሹ ተልጧል። በርጩማ ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

«ተደብቆብሽ ስትጨፍሪ እንድትከርሚ ነበር የፈለጉት» አልኳት፣ ገና ሳትናገር። «እኔ ላይ ምን እንደደረሰ ታውቂያለሽ?»

«ዳኒ ነግሮኛል። ተዝካሩንም፣ እዚያ ያልሽውንም።» ክር የተደረደረበትን መደርደሪያ እያየች ነው የምታወራው። «አልቅሼልሻለሁ፣ እቴቴ። ግን ያን ክረምት አንቺ ስታወሪልን ነው ያደግነው። አንድ ቀን እንኳ ሳትስቂ አውርተሽው አታውቂም።»

ያልተቀመጠችበትን በርጩማ ወደ ቦታው መለስኩት።

«እኔ ደግሞ ምን አወራለሁ?» አለች።

ታክሲው ጥሩምባ ነፋ። ሻንጣዋን ይዛ ወደ በሩ ሄደችና ደፉ ላይ ቆመች።

«ዓሣው ግን፣ የእውነት እንደዚያ ይጣፍጥ ነበር?»

እናቴ ተቀብራ፣ ካፖርቷን ጽጌ ለብሳ፣ እግሬ ውሃ ውስጥ ሆኖ የበላሁት ዓሣ።

«ይጣፍጥ ነበር» አልኳት።

«አየሽ» አለችኝና ወጣች።